ካውያ የሚጠጣው ውሃ

ጠመንጃ ነክታ አታውቅም፤ ግን ተኳሿ ይሏታል። የምትተኩሰው ልብስ ነው። ስሙን ያወጣላት ባሏ ሲሆን፣ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ተጠንቀቁ፣ ይቺ ሴት ተኳሽ ናት። ስታ አታውቅም። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ አንዴ መትታኝ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሳሁም» ይል ነበር። እንግዳው ይስቃል። እሷ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ያዝ» ትላለች። እሱ አይይዝም። ደግ ጊዜ ነበር፤ ምንም ባይኖር ሳቅ ከቤት አይጠፋም ነበር።

እሱ ራሱ ሹፌሩ ነው። መሪ ከጨበጠ ዓመታት ቢያልፉም ስሙ አብሮት ተሰደደ። አገር ቤት ሳለ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ ከደጋ ይጭናል፣ ቆላውን ሰንጥቆ በረሃው ማዶ ያራግፋል። ከዚያ ወዲህ የዓለም ነገር ሁሉ የሚታየው በመኪና ነው። ሰው ሲታመም «ሞተሩ አረጀ» ይላል። ሰው ሲቆጣ «ራዲያተሩ ፈላ» ይላል። ሚስቱ ስታኮርፍ ደግሞ «ዛሬ መንገዱ ተዘግቷል» ብሎ ጥጉን ይዞ ይቀመጣል።

ወደ ሰው አገር ያመጣቻቸው ልጃቸው ናት። አንዲት ናት፤ ታላቅም ታናሽም የላትም። የወተት ጥርሷ ሳይነቀል አክስቷ ይዛት ሄደች። እዚያው አደገች፣ እዚያው ተምራ ቢሮ ገባች፣ ሲሞላላት እናትና አባቷን አስመጣች። የሰፈሩ ሰው፣ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው፤ የወለደ አይከስርም» ብሎ መርቆ ሸኛቸው። እውነትም ክፉ ልጅ አይደለችም። ብቻ አማርኛዋ በሄደችበት ዕድሜ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ራበኝ፣ ልተኛ፣ እምቢ፣ እማዬ የት ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ስንቁ ያልቃል። አባትየው፣ «የልጄ አማርኛ መንገድ ላይ ነዳጅ ያለቀበት መኪና ነው፤ እየገፋን እናስገባዋለን» ይላል። እሷ ፈገግ ብላ፣ «አባዬ ምን አለ?» ብላ እናቷን ትጠይቃለች። እናቷ ታስረዳታለች፤ ስታስረዳው ቀልዱ ይሞታል።

ባልና ሚስቱ የሚኖሩት አሮጌ ሕንፃ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም፤ ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ግድግዳ ተለጥፎ ያሳልፋል። ክፍላቸው አንድ ነው፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ ልብሱ፣ ሁሉም እዚያው። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ጠዋት ሲከፈት መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ያስላል፤ ቀጥሎ ሻይ የመሰለ ውሃ ይተፋል፤ ቆይቶ ቆይቶ ነው የሚጠራው። ተኳሿ እስኪጠራ ትጠብቅና ትቀዳለች። ውሃ ነው፤ ምን ይደረጋል።

የምትሠራው ልብስ አጥበው ተኩሰው የሚመልሱበት ቤት ውስጥ ነው፤ ከመንገድ በታች፣ ምድር ቤት። የሆቴል አንሶላ ይመጣል፣ የሐኪሞች ነጭ ጋዋን ይመጣል፣ የሙሽራ ቀሚስ ይመጣል። ካውያዎቹ በእንፋሎት የሚሠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ አጠገቡ የውሃ ማጠራቀሚያ አለው። ታዲያ የቧንቧ ውሃ አይነካቸውም። ከነካቸው ሆዳቸው ውስጥ ኖራ ይጋገርና ነጩ ልብስ ላይ ዝገት ይተፋሉ፤ የሰው ሙሽራ ያዋርዳሉ። ስለዚህ ለነሱ ተንኖ የተጠራቀመ ጥሩ ውሃ በትልቅ ሰማያዊ በርሜል ይመጣል። ባለቤትዮዋ ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ ደህና አደራችሁ አትልም፤ «ካውያዎቹ ጠጥተዋል?» ነው የምትለው። ተኳሿ ከዚያ አገር ቋንቋ አስቀድማ የያዘችው ይህን ነው። የራሷን ጥማት በቋንቋው መናገር ሳትችል የካውያውን ጥማት መናገር ቻለች።

ሹፌሩን ወገቡን ያመው ጀመር። መጀመሪያ የመሪ ወንበር ያመጣው ነው ብሎ ናቀው። ኋላ ሽንቱ ላይ ደም ሲያይ ዝም አለ፤ እሱ ዝም ሲል ነው ሚስቱ የደነገጠችው። ልጂቱ ከቢሮ ፈቃድ ጠይቃ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ተመረመረ። አንደኛው ኩላሊቱ ድሮ ሰንፏል፣ መቼ እንደሰነፈ እንኳ አይታወቅም፤ ያለችው አንዲት ናት፤ እሷም ጠጠር እየሠራች ነው። ይቺን አንዲቷን ማትረፍ ነው አለ ሐኪሙ፤ እሷ ከሄደች ሌላ የለም። እስከዚህ ልጂቱ አስተካክላ ተረጎመች፤ «አንድ አለ፤ አንድ ብቻ» ብላ ጣቷን አሳየች።

ከዚያ ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። ሲናገር ሁለት እጁን ወደ ላይ እያነሳ ጣቶቹን እያርገበገበ ወደ ታች ያወርዳል፤ ዝናብ የሚያሳይ ይመስላል። ተኳሿ እጁን አየች። ምን ማለቱ ይሆን አለች በልቧ። ልጂቱ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ስልኳ እጇ ውስጥ ይነዝራል፤ ከቢሮ ነው። ያን ሁሉ ንግግር ጨምቃ እፍኝ አደረገችው።

«አባዬ፣ ውሃ ጠጣ ይላል። በደንብ ጠጣ። የ... የተጣራ ውሃ።»

«ማን ነው የተጣራው?» አለ ሹፌሩ። «ተጣርቶስ ማን አቤት አለው?»

ልጂቱ አልገባትም። ተኳሿ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በክርኗ ነካ አደረገችው። እሱም ቀልዱን ተወና የምሩን ጠየቀ፤ የኩላሊት ነገር ነውና።

«ልጄ፣ የተጣራ ያልሽው ያን ለባትሪ የሚጨመረውን ነው? ተንኖ ጠብ ጠብ የሚለውን?»

«አዎ፣ አዎ፣ እንደሱ። ንጹሕ» አለችና ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ሰው በአንዲት እሺ ይዳራል፣ በአንዲት እምቢ ይቀራል። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንዲት አዎ ምን እንደሚደርስባቸው ያን ጊዜ ማን ያውቃል። ከሐኪም ቤቱ የወጡት ቀለል ብሏቸው ነው። መድኃኒቱ ውሃ ነው ከተባለ ምን ቀረ።

ሹፌሩ የባትሪ ውሃ ጠጣ መባሉ አልገረመውም። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰማው። ያን ዕለት ምሳቸውን ሲበሉ፣ ሚስቱ ደጋግማ የሰማችውን ታሪክ እንደ አዲስ ነገራት። አንድ ጊዜ በረሃው መሀል ራዲያተሩ ተቀዶበት፣ እሱና ረዳቱ ከመኪናው ጥላ ሥር ተኝተው መንገደኛ ሲጠብቁ፣ የሚጠጣ ነገር አለቀባቸው። ከወንበሩ ኋላ ለባትሪ ያስቀመጡት ጀሪካን ነበር። እሱን በክዳን እየለኩ ጠጥተው ነው ሰው የደረሰላቸው።

«አሲዱ ሌላ፣ ውሃው ሌላ» አለ። «አሲዱን የጠጣ አይመለስም። ውሃው ግን አይጎዳም። ብቻ ጣዕም የሚባል አልፈጠረበትም። የሰው አገር ኑሮ ማለት ነው።»

«ዛሬም ሊያተርፍህ ነው እንግዲህ» አለች ተኳሿ።

«ባትሪ አደረጉኝ እኮ። ቢሆንስ፤ ባትሪ ከሆንኩ አንቺ ስታኮርፊ ብልጭ እላለሁ።»

ከዚያ ፍለጋው ጀመረ። መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ገቡ። ሰውዬው ጣት የምታህል ብልቃጥ አወጣ፤ መርፌ የሚበጠበጥበት ነው። ሹፌሩ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና፣ «ይሄ ለወፍ ነው» ብሎ መለሰ። ቀጥሎ መለዋወጫ ሱቅ ሄዱ፤ እዚያ እንኳ አይጠፋም ብለው። ሻጩ በምልክት ሲገባው ሳቀ። አንድ አዲስ ባትሪ አንስቶ አገላብጦ አሳያቸው፤ ክዳን የለውም፤ ድፍን ነው። የዛሬ ባትሪ ውሃ አይጠጣም። ሹፌሩ ባትሪውን በመዳፉ ዳበሰው፤ ዘመድ የከዳው ሰው ይመስል ነበር።

«ባትሪ እንኳ ውሃ መጠጣት ተወ» አለ ወጥቶ። «እንግዲህ ያለነው ካውያና እኔ ነን።»

ካውያ ሲል ተኳሿ ሱፐርማርኬት ትዝ አላት። የካውያ ሥዕል ያለበት ጠርሙስ አይታ ታውቃለች። ሄዳ ገዛች፤ ደስ ብሏት እየሮጠች መጣች፤ በብርጭቆ ቀዳችለት። ሹፌሩ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና እላዩ ላይ ተፋው። ለካ ልብስ እንዲሸት የአበባ ሽቶ ጨምረውበታል።

«ልብስ ልብስ ይላል» አለ አፉን እየጠረገ። «ምነው፣ አንጀቴን ልትተኩሺው ነው?»

ሳቁ። ያን ጊዜ ገና ይስቁ ነበር።

ሌላ መንገድ ሲጠፋ ተኳሿ ባለቤትዮዋን ልትለምን ወሰነች። ሰማያዊው በርሜል ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ብርጭቆ ተስሎበት ብርጭቆው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ፊደሉን ባታነብም ሥዕሉ ይገባል፤ ይህ ውሃ ለሰው አይደለም ነው የሚለው። እሱን አይታ ፈራች። ቤት ገብታ ለባሏ ስትነግረው፣ «የኛም ጀሪካን ላይ እንደዚያ ይጻፍ ነበር፤ ሹፌር ቢያነብ ኖሮ በረሃ ላይ ይቀር ነበር» አላት።

በማግስቱ ከባለቤትዮዋ ፊት ቆመች። ባላት ቃል ሁሉ፣ በእጇም ጭምር፣ ባሏን፣ ኩላሊቱን፣ ሐኪሙን፣ ውሃውን አስረዳች። ባለቤትዮዋ ካዳመጠች በኋላ፣ «ባልሽ ካውያ ነው እንዴ?» አለች። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ተኳሿም ሳቀች። አሠሪ ሲስቅ አብሮ መሳቅ ከሥራው ጋር የሚሄድ ነገር ነው።

ባለቤትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ነጋዴ ናት። ሰጥቶ የማይቀበል እጅ የላትም። አሰብ አደረገችና፣ ሥራ ሲያልቅ ቀርታ ወለሉን ካጸዳች ጀሪካን ሞልታ ልትወስድ እንደምትችል ነገረቻት። ወለል ሲባል ደግሞ የዋዛ ወለል አይደለም። አንገትጌ የሚያጠነክሩበት ሙጫ ይንጠባጠባል፤ ሲደርቅ መጥረጊያ አያነሳውም፤ ተንበርክኮ በቢላ መፋቅ ነው። ክር አለ፣ ፀጉር አለ፣ የሳሙና ዝቃጭ አለ። ቀኑን ሙሉ ቆማ የተኮሰች ሴት፣ ሌላው ኮቱን ለብሶ ሲወጣ እሷ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ትንበረከካለች። ስትጨርስ ጀሪካኗን ትሞላለች፤ በትከሻዋ አድርጋ አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ ያን ጠባብ ደረጃ እያረፈች ትወጣለች። አገር ቤት ሳለች ቤቷ ድረስ ቧንቧ የገባላት ሴት፣ በስተርጅናዋ በሰው አገር ውሃ ቀጂ ሆነች። ይህን አገር ቤት ላሉት አልነገረችም። ምን ብላ ትናገራለች።

ውሃውን መስኮቱ ሥር፣ ነጭ ጨርቅ አልብሳ አስቀመጠችው። ራሷ ጠብታ አልቀመሰችም። ሻይ የመሰለውን የቧንቧ ውሃ ነው የምትጠጣው። ሹፌሩ «ቅመሺ እንጂ» ሲላት፣ «የኔ ኩላሊት ሁለት ነው» ትለዋለች። ጠዋት ሥራ ስትሄድ ሁለት ትልልቅ ኩባያ ሞልታ አጠገቡ ታስቀምጣለች። ስትመለስ ኩባያው ባዶ ነው። «ጎበዝ» ትለዋለች፣ ልጅ እንደምታባብል። እሱም፣ «በደንብ ጠጣ ተብያለሁ፤ ሹፌር ደንብ አይጥስም» ይላል።

አንድ ነገር ብቻ ይገርማት ነበር። ጀሪካኑ ቶሎ አያልቅም። ሁለት ኩባያ እየተቀዳ፣ ያልቃል ስትል አለ፤ አለቀ ስትል ገና አለ። በረከት ገብቶበታል ብላ አመነች። ለአንዲት የአገሯ ልጅ በስልክ ስታወራ እንኳ፣ «የወለል ፍቅፋቂ ነው ብለሽ አትናቂው፤ እግዜር ዓይቶልኝ ነው» አለቻት። ሹፌሩ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል። «ጻድቅ አግብተሽ ሳታውቂ ቀርተሽ ነው» አላት።

ልጂቱ እሁድ እሁድ ትመጣለች። ፍራፍሬ ይዛ ትመጣለች፣ አበባ ይዛ ትመጣለች፤ ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም። ጀሪካኑን አየችና ምንድን ነው አለች። «የአባትሽ ውሃ ነዋ፤ ሐኪሙ ያዘዘው» አለቻት እናቷ። ልጂቱ ሐኪሙ ምን እንዳዘዘ ረስታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ በሷ ራስ ላይ ስንት ነገር አልፏል። ሐኪም ያዘዘው ካሉ ያዘዘው ነው ብላ ተቀበለች።

«ከባድ ነው እማዬ። እኔ በስልክ አዛለሁ፤ ቤት ድረስ ያመጡታል።»

«እሰይ የኔ ልጅ» አለች ተኳሿ። ሳምንቱን ሙሉ የበሩን ደወል ጠበቀች። በሚቀጥለው እሁድ አስታወሰቻት፤ ልጂቱ ግንባሯን በመዳፏ መታ አድርጋ፣ «ረሳሁት፤ ነገ» አለች። ሦስተኛ ጊዜ ግን ተኳሿ አልጠየቀችም። ልጅን ሁለቴ መጠየቅ ማስታወስ ነው፤ ሦስተኛው ልመና ይሆናል። ከልጇ ፊት ለማኝ ከመሆን ከወለሉ ፊት መንበርከክ ቀለላት።

እንዲህ እያሉ ሹፌሩ ከሳ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ እግሩ ግን አበጠ፤ ጫማ እምቢ አለው። ወገቡ ያቃጥለዋል። ሚስቱ ውሃውን የበለጠ ታምነው ጀመር። ይህን ባይጠጣ ኖሮ እስካሁን ምን ይሆን ነበር ትላለች። ወለሉን የበለጠ ፋቀች።

የሐኪሙ ቀጠሮ ሲደርስ ልጂቱ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር። ሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ አቀረበ፤ የአገር ልጅ ነው፤ ከረባት ያሰረ፣ ትሕትና የሚያውቅ ጎልማሳ። ለሹፌሩ ተነስቶ ጨበጠውና ወንበር ሳበለት። ሐኪሙ ያው የቀድሞው ነው። የደም ውጤቱን አየ፤ ደግሞ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀ።

«በቀን ምን ያህል ውሃ ይጠጣሉ? ይላሉ ዶክተሩ» አለ አስተርጓሚው።

ሹፌሩ ሚስቱን በጎን አየት አደረገ። ቀስ ብሎ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ለየት አድርጎ አሳየ፤ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ የምትሆን።

«ምን?» አለች ተኳሿ። «ሁለት ኩባያ ሙሉ እየቀዳሁ እሄድ የለም እንዴ?»

«እመልሰው ነበር» አለ ሹፌሩ፣ ወለል ወለሉን እያየ። «ከመምጣትሽ በፊት ጀሪካኑ ውስጥ እመልሰው ነበር።»

ያ በረከት ይህ ነበር። ተኳሿ አፏን ያዘች። አስተርጓሚው ይህን ይተርጉም አይተርጉም ግራ ገባው። ሐኪሙ ጠየቀው፤ ተረጎመ። ሐኪሙ ለምን ብሎ ጠየቀ።

«ውሃው አይገኝማ፣ ጌታው» አለ ሹፌሩ። «እሷ የሰው ወለል እየፋቀች ነው የምታመጣው። ልብስ ስትቀይር ጉልበቷን አየሁት፤ የግመል ጉልበት መስሏል። በጥቂቱ ከያዝኩት ለወርም ይደርሳል፣ እሷም ታርፋለች አልኩ፤ ሌላ ውሃ ደግሞ አልታዘዘልኝም። መድኃኒት በልክ ነው እንጂ እንደ ጠላ አይጨለጥም።»

«የትኛው ውሃ ነው የማይገኘው?»

«የተጣራው።»

«የታሸገውን ማለትዎ ነው? እሱማ በየሱቁ ሞልቷል።»

«እሱን አይደለም። የባትሪውን። ካውያ የሚጠጣውን።»

አስተርጓሚው ሹፌሩን አየው። ከዚያ ተኳሿን አየ። የገባው ያኔ ነው። በኛ ቋንቋ በጨርቅ የተጠለለም የተጣራ ነው፤ በማጣሪያ ያለፈም የተጣራ ነው፤ ተንኖ ጠብ ጠብ ያለውም የተጣራ ነው። አንድ ቃል ሦስት ደጅ አለው፤ እነሱ የገቡት በሦስተኛው ነው። ለሐኪሙ ሲያስረዳ ድምፁ ዝቅ አለ። ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ቀጥሎ ሁለት እጁን አንስቶ፣ ጣቶቹን እያርገበገበ፣ ያን ዝናብ እንደገና አወረደው።

«ያን ጊዜም ያልኩት ይህንኑ ነው ይላሉ» አለ አስተርጓሚው። «ብዙ ይጠጡ፤ ሽንትዎ ውሃ እስኪመስል ድረስ ይጠጡ። ያን ጊዜ ልጅዎ ሕንፃው አሮጌ ነው ስላለቻቸው፣ የቧንቧውን በማጣሪያ አሳልፈው፣ አለዚያም ከሱቅ ገዝተው፣ አፍልተውም ቢሆን። የትኛውም ንጹሕ ውሃ ይሆናል። ዋናው መብዛቱ ነበር።»

ነበር አለ። ተኳሿ ብዙ ያልተማረች ብትሆንም ነበር የምትባለውን ቃል ታውቃታለች። ስለ ሞተ ሰው ሲወራ የምትመጣ ቃል ናት። ለዚያች ለአንዲቷ የባሏ ኩላሊትም መጣች። ሐኪሙ ቀሪውን ሲናገር፣ አስተርጓሚው ማሽን የሚለውን ቃል ሲያነሳ፣ እሷ ቀድማ ሰምታው ነበር።

ሲመለሱ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀመጡ። አውቶቡስ መጣ፤ አልተሳፈሩም። ሄደ።

«ለምን መለስከው?» አለች።

«አንቺስ ለምን ፋቅሽ?»

«ላድንህ ነዋ።»

«እኔም ላሳርፍሽ ነዋ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክፉ ሰው ቢኖርበት ምንኛ ጥሩ ነበር፤ ይረግሙት ነበር።

«ለልጅቷ እንዳትነግሪያት» አለ ሹፌሩ።

«ለምን አልነግራትም? አዎ ያለችው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ስልኳን አስቀምጣ ብትሰማ ምን ነበረበት?»

«ቋንቋውን የት ታምጣው? የወተት ጥርሷ ሳይነቀል አሳልፈን ሰጠናት። አሁን አማርኛሽ ጎደለ ብለን እንከሳታለን?»

«ለጥሩ ብለን ነው የሰጠናት።»

«ሁሉም ለጥሩ ተብሎ ነው» አለ ሹፌሩ። «ይኸው ያለነው እዚህ ነው።»

ተኳሿ እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች።

በማግስቱ ለባለቤትዮዋ ወለሉን እንደማትፍቅ፣ ውሃውም እንደማያስፈልጋት ነገረቻት። ባለቤትዮዋ ግን የወለሉን ንጽሕና ለምዳዋለች። ለምን ቀረ ብላ አኮረፈች። ጥቂት ቆይታ ካውያውን ለሌላ ሴት ሰጠችና ተኳሿን ወደ ቆሻሻ አንሶላ መለያው አወረደቻት። በዚያ ክፍል የሚተኮስ ነገር የለም። የሰው ደም፣ የሰው ትውከት፣ የሰው ሽንት ያለበትን እየለዩ በየቅርጫቱ መጣል ነው። እንዲያም ሆኖ ተኳሿ የሚለው ስም አልተነሳላትም።

ሹፌሩ ማሽን ላይ ዋለ። በሳምንት ውስጥ እየተመላለሰ፣ ክንዱ ላይ ቱቦ ተሰክቶ፣ ደሙ ወጥቶ እየታጠበ ይመለስለታል። መጀመሪያ ቀን አስተርጓሚው አብሯቸው ነበር። ሹፌሩ የሞተር ነገር ስለማያስችለው፣ ይህ ማሽን በምን ይሠራል ብሎ አስጠየቀ። ነርሷ ግድግዳውን እያሳየች መለሰች። ከግድግዳው ኋላ ትልቅ የውሃ ማጣሪያ አለ፤ ማሽኑ ደም የሚያጥበው በጣም በተጣራ ውሃ ነው። አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም አፈረ። ሹፌሩ ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም።

«ማን ነው የተጣራው አላልኩም?» አለ። «ይኸው አቤት ብዬ መጣሁ።»

ተኳሿ ያን ዕለት አልሳቀችም።

ከዚያ ነርሷ ሌላ ደንብ ነገረቻቸው። ከእንግዲህ ውሃ እንደ ልብ የለም። ኩላሊቱ ስለማያወጣው ውስጡ ይጠራቀማል፤ ልቡን ያስጨንቀዋል። ከንፈሩን እያራሰ፣ በጥቂቱ፣ በልክ ብቻ። ያን ጊዜ ጠጣ ሲባል ያልጠጣ ሰው፣ ዛሬ ሲጠማው አትጠጣ ተባለ። አለቀ። ይህን ወግ ለማንም አላወሩም፤ ወግ አይሆንም።

ልጂቱ ማሽን ቤቱን ያየችው ከሥራ ጉዞዋ ስትመለስ ነው። የአባቷን መክፋት በስልክ ሰምታ ነበር፤ ምክንያቱን ማንም አልነገራትም። ተኳሿ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ እግሩን እያሸችለት ሳለ በሩ በእግር ተገፍቶ ተከፈተ። ልጂቱ ናት። በሁለት እጇ ሁለት ትልልቅ ጀሪካን አንጠልጥላለች። ጣቶቿ በመያዣው ተሰምረው ቀልተዋል፤ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል።

«አገኘሁ!» አለች። «እማዬ፣ አገኘሁ። ያንን ውሃ። ከከተማ ውጭ ፋብሪካ አለ፤ እዚያ ድረስ ሄድኩ። አሁን ሁሌ፣ ሁሌ ያመጡልናል። እኔ ጻፍኩ፣ ከፈልኩ። እማዬ አትሸከምም።»

እንዲህ ብዙ አማርኛ በአንድ ጊዜ ተናግራ አታውቅም። መንገድ ላይ እየተለማመደችው እንደመጣች ያስታውቃል። ፊቷ ሁሉ በራ።

ሹፌሩ የደረቀ ከንፈሩን ላሰ። ጀሪካኖቹን አየ፤ ልጁን አየ።

«እሰይ የኔ ልጅ» አለ። «ጎበዝ።»

ተኳሿ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ወለሉ፣ ደረጃው፣ ያ ጨርቅ የለበሰ ጀሪካን፣ ያቺ የኮሪደር ስልክ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ምላሷ ላይ መጣ። አንዴ ከጀመረች እንደማታቆም አወቀች። ባሏ ከትራሱ ላይ ሆኖ ዓይን ዓይኗን ያያታል። ያን ሁሉ ውጣ፣ አንድ ነገር ብቻ አመለጣት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች።

ልጂቱ ከእናቷ ወደ አባቷ ዞረች። «ምን አለች? ጅብ ምንድን ነው?»

«ጅብ ብርቱ አውሬ ነው፣ ልጄ» አለ ሹፌሩ፤ ክንዱ ከማሽኑ ጋር ታስሯል፤ ድምፁ ደክሟል፤ ግን አልተደናቀፈም። «ሰው ሩቅ ሄዶ ከባድ ነገር ሲያመጣ በአገራችን የሚባል ነው። እናትሽ እያመሰገነችሽ ነው።»

«ምንም አይደል፣ እማዬ» አለች ልጂቱ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሄዳ እናቷን አቀፈቻት።

ተኳሿም ትርጉሙን አላረመችም። የልጇን ጀርባ አንዴ ሁለቴ መታ መታ አደረገች፤ ከክንዷ ወጣችና፣ ጀሪካኖቹ ነርሷን እንዳያደናቅፉ በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋቻቸው።